የማርኬቲንግ ባለሙያው ዛሬ ከማን ይማራል?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ወይም በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ የማርኬቲንግ ክፍል የሚሠራ ወጣት «ሙያውን ከየት ተማርከው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዩኒቨርሲቲውን የሚያነሳው በስተመጨረሻ ነው። ዲግሪ አለው፤ ሥራውንም ያገኘው በዲግሪው ነው። የየዕለቱን ሥራ ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው ይላል፦ ዩቲዩብ ላይ ለወራት የተከታተለው አሰልጣኝ፣ ጎግል በነጻ የሰጠው ኮርስ፣ ቀድሞት የተቀጠረ የሥራ ባልደረባ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ። ናይሮቢም ሆነ ለንደን ያለ የሙያ ጓደኛው የሚሰጠው መልስ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ምርጫው ወዴት እንዳዘነበለ ግልጽ ነው። ማርኬተሩ መማር የሚሻው ሥራውን ዛሬ በእጁ ከያዘ ሰው ነው፤ ስክሪኑን ከፍቶ «እዚህ ጋ ንካ» ከሚለው፣ ባለፈው ወር ያስነገረውን ማስታወቂያ ውጤት ከሚያሳየው። ፕሮፌሰሩ፣ መጽሐፉና የሙያ ማኅበሩ ወረቀት ወደ ኋላ ቀርተዋል። ምርጫው ግማሹ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያን ለመማር ከሚሠራበት ሰው የተሻለ መምህር የለም። ችግሩ ለመሣሪያው እጅግ የቀረበው መምህር አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው ባለቤት መሆኑ ነው። ዛሬ በሙያው ውስጥ የጠፋው ቅርብ መምህር አይደለም፤ የጠፋው ተማሪው በጀቱን ጨመረም ቀነሰ እሱ የማይጠቀምበትና የማይጎዳበት መምህር ነው።

ከሠሪ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ማርኬቲንግ ዩኒቨርሲቲ የገባው ዘግይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ኮርሶች አንዱ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1908 ነው። ተማሪ ሁሉ የሚሸመድዳቸው «አራቱ ፒዎች» (ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ) በጄሮም ማካርቲ መጽሐፍ የወጡት በ1960፣ የፊሊፕ ኮትለር «ማርኬቲንግ ማኔጅመንት» የታተመው ደግሞ በ1967 ነው። ከዚያ በፊት የሙያው ትምህርት ቤት ኩባንያውና የማስታወቂያ ድርጅቱ ነበሩ።

ክላውድ ሆፕኪንስ በ1923 «ሳይንሳዊ ማስታወቂያ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ማስታወቂያ እየጻፈ፣ ከጋዜጣ ተቆርጦ የሚመለሰውን ኩፖን እየቆጠረ የኖረ ሰው ነው። ኒል ማኬልሮይ በ1931 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ውስጥ ሆኖ ለአለቆቹ የጻፈው ማስታወሻ እያንዳንዱ የምርት ስም የራሱ ኃላፊ ይኑረው የሚል ነበር፤ ዛሬ «ብራንድ ማናጀር» የምንለው የሥራ መደብ ከዚያ ወረቀት ተወለደ፤ ኩባንያውም ለብዙ አሥርት ዓመታት የማርኬተሮች ማፍሪያ ሆኖ ቆየ። ዴቪድ ኦግልቪ ስኮትላንድ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የአጋ ምድጃ ይሸጥ ነበር፤ በ1935 ለሌሎች ሻጮች የጻፈው መመሪያ ዛሬም ይነበባል። ቀጥሎ አሜሪካ ሄዶ ለጆርጅ ጋለፕ የጥናት ተቋም ሠራ። የራሱን ኤጀንሲ የከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1948 ነው።

እነዚህን ሰዎች «ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል፣ ሥራ ነው የሚያስተምረው» ለሚለው ክርክር ምስክር አድርጎ የሚጠራቸው ብዙ ነው። ሕይወታቸውን ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ምስክርነታቸው ለሌላ ነገር ነው። ሆፕኪንስ ኩፖን ይቆጥር ነበር። ኦግልቪ ከጋለፕ ዘንድ የተማረው ሰው የሚለውን በቁጥር መመዘንን ነው። ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የሠሩት መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ደግሞ በራሳቸው ሚዛን ይለካሉ። የዛሬው ማርኬተር ከእነሱ የወሰደው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ሚዛኑን ለሌላ ሰጥቷል፤ ለማን እንደሰጠ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ዩኒቨርሲቲው ወደ ኋላ የቀረበት ዋና ምክንያት ፍጥነት ነው። ጎግል የድረ ገጽ ጎብኚዎችን የሚለካበትን አዲሱን አናሊቲክስ፣ ጂኤ4ን፣ ያወጣው በኦክቶበር 2020 ነው፤ የቀድሞው ስሪት ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ መረጃ መሰብሰብ አቆመ። በኤፕሪል 2021 አፕል መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ አስገደደ፤ ፌስቡክ ላይ ለታለመ ሰው ማስታወቂያ ማድረስ የለመዱ ሁሉ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀሳቀሰ። በኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲ መጣ። በ2020 አንደኛ ዓመት የገባ ተማሪ ሳይመረቅ የሥራ መሣሪያዎቹ ብዙዎቹ ተለውጠዋል። ሥርዓተ ትምህርት በበኩሉ በኮሚቴ፣ በክለሳና በሴኔት በኩል የሚያልፍ ነገር ነው። ይህን ውድድር ዩኒቨርሲቲ ሊያሸንፍ አይችልም፤ መሞከርም ያለበት አይመስለኝም።

ዩኒቨርሲቲ የሚያሸንፍበት ሜዳ ሌላ ነው። ብራንድ የሚያድገው ታማኝ ደንበኛ አዘውትሮ እንዲገዛ በማድረግ ነው ወይስ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገዙ ብዙ ሰዎችን በመጨመር? ይህ ጥያቄ የዓመቱን በጀት በሙሉ የሚወስን ነው፤ በየትኛውም የማስታወቂያ አውታር ስክሪን ላይ ግን መልሱ አይገኝም። ተመራማሪው አንድሩ ኤረንበርግ የሸማቾችን የግዢ መዝገብ ለአሥርት ዓመታት ሲመረምር ኖሯል። ያንን መስመር የተከተለው በሳውዝ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ኤረንበርግ ባስ ኢንስቲትዩት ነው፤ የኢንስቲትዩቱ ባይረን ሻርፕ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ዕድገት በዋናነት የሚመጣው ከሁለተኛው መንገድ ነው ሲል ተከራከረ። መደምደሚያውን የማይቀበሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ ራሱ ግን ለባለሙያው ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ትዕግሥት፣ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ መረጃና ሽያጭ የማያስጨንቀው ተቋም ይፈልጋል። እኛም ዘንድ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ትውልዶችን አስመርቋል። ከእሱ የምጠብቀው የፌስቡክ ማስታወቂያ አከፋፈት እንዲያስተምር አይደለም። የእኛ ሸማች እንዴት እንደሚገዛ፣ ከአንድ ሳሙና ወደ ሌላው በምን ምክንያት እንደሚሄድ፣ ከሰው ሰምቶ ነው ወይስ ከሱቅ መደርደሪያ አይቶ፣ ይህን አጥንቶ ለሠሪው እንዲያቀብል ነው።

ዩኒቨርሲቲው የለቀቀውን ቦታ ማን ያዘው? ከሁሉ በፊት ሶፍትዌር ሻጮችና የማስታወቂያ አውታሮች። ሐብስፖት በ2006 ተመሠረተ፤ የኩባንያዎችን የደንበኛ መዝገብና የኢሜይል ዘመቻ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ይሸጣል። ደንበኛው በጠቃሚ ይዘት ተስቦ ራሱ እንዲመጣ ለሚያደርገው አሠራር «ኢንባውንድ ማርኬቲንግ» የሚለውን ስያሜ ካሰራጩት ዋነኛው እሱ ነው፤ በ2012 አካዳሚ ከፍቶ በነጻ ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ ጥሩ ነው። የተማረው ባለሙያ አለቃው «የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» ሲለው የሚጠራው ስም ግን አስቀድሞ ይታወቃል። ፌስቡክ ብሉፕሪንት የተባለውን የማስታወቂያ ማስተማሪያውን በ2015 ከፈተ። ጎግል የማስታወቂያ አጠቃቀም ፈተናዎቹን ስኪልሾፕ በሚባለው ገጽ በነጻ ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው፤ በ2022 ደግሞ ኮርሴራ ላይ የዲጂታል ማርኬቲንግና የኢኮሜርስ ፕሮግራም ጨመረ።

የነጻ ትምህርትን ዋጋ ማሳነስ አልፈልግም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለማግኘት በሚያስቸግርበት አገር፣ በራሱ ስልክና በራሱ ዳታ ማታ ማታ ተምሮ ሥራ ለያዘ ወጣት እነዚህ ኮርሶች ብቸኛው ክፍት በር ነበሩ። ብዙዎችን አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። መሣሪያውን ለማወቅም ከባለቤቱ መማር ተገቢ ነው።

ነገር ግን ሻጩ የሚያስተምረው ምን ድረስ ነው? አንድ ኤጀንሲ የጎግል ፓርትነር ባጅ እንዲያገኝ ከሚጠየቃቸው መስፈርቶች አንዱ የሚያስተዳድረው የማስታወቂያ አካውንት «ኦፕቲማይዜሽን ስኮር» ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆን ነው። ነጥቡ የሚገኘው ጎግል የሚያቀርባቸውን ምክሮች በመቀበል ወይም አይቶ ውድቅ በማድረግ ነው፤ ከምክሮቹ መካከል በጀት ጨምር የሚልም አለ። ውድቅ ማድረግም ስለሚቆጠር አስገድዶ ያስከፍላል አይባልም። ሆኖም አስተማሪው፣ ፈታኙ፣ ነጥብ ሰጪውና ሻጩ አንድ አካል ናቸው። በሌላ ሙያ ቢሆን ይህ ብቻውን ያሳስበን ነበር።

ሚዛኑን ለሌላ ሰጥተናል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2016 ፌስቡክ ሰዎች አንድን ቪዲዮ በአማካይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዩ የሚያሳየውን ቁጥር ለሁለት ዓመት ያህል አግንኖ ሲያቀርብ መቆየቱን አመነ። ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከስሌቱ አውጥቷቸው ነበር፤ ግነቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ሊደርስ እንደሚችልም ለአንድ የማስታወቂያ ገዢ ድርጅት ተነግሯል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተሰጠውን ሥልጠና እናስብ። «ቪዲዮ ላይ አውሉ፣ ሰው ያያል» ያለው አሰልጣኝ ሁሉ ያጣቀሰው ያንን ቁጥር ነው። አሰልጣኙ አልዋሸም፤ ስክሪኑ ያሳየውን ነው ያስተማረው።

ተቃራኒውን መንገድ የኢንተርኔት መገበያያ በሆነው ኢቤይ ውስጥ እናገኘዋለን፤ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ እንዲታወቅ የምፈልገው ታሪክም ይኸው ነው። ኩባንያው በፍለጋ ገጾች ላይ ለሚወጣ ማስታወቂያ ከፍተኛ ገንዘብ ያፈስ ነበር፤ ሪፖርቱም ያማረ ነበር። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና የበርክሌዩ ኢኮኖሚስት ስቲቨን ታደሊስ ቀላል ጥያቄ አነሱ፦ ማስታወቂያውን ብናቆመው ምን ይሆናል? በ2012 በመጀመሪያ «ኢቤይ» የሚለውን ስም ለሚፈልግ ሰው የሚወጣውን የተከፈለበት ማስታወቂያ በአንዳንድ የፍለጋ ገጾች ላይ አቆሙ። ከጠፋው ጉብኝት 99.5 በመቶው ክፍያ በሌለው ተራ የፍለጋ ውጤት በኩል ተመልሶ ገባ። እነዚያ ሰዎች ድሮም እየመጡ ነበር ማለት ነው። ቀጥለው ከአሜሪካ የገበያ አካባቢዎች በ30 በመቶ ገደማ የጎግል ማስታወቂያን አቋርጠው ሽያጩን ካልተቋረጠባቸው ጋር አነጻጸሩ፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ማስታወቂያው የጠቀመው ኢቤይን እምብዛም የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ግን አዘውታሪ ደንበኞች ላይ ነበር። ጥናቱ በ2015 በኢኮኖሜትሪካ መጽሔት ታተመ። ያስተማረው ፕሮፌሰር ነው ወይስ ሠሪ? ሁለቱም፣ አብረው። የኩባንያው መረጃ ባይኖር ፕሮፌሰሩ ባዶ እጁን ይቀር ነበር፤ የፕሮፌሰሩ ጥያቄ ባይኖር ደግሞ ሪፖርቱ እንዳማረ ይቀጥል ነበር።

በዩኒቨርሲቲውና በሻጩ መካከል የገባ ሦስተኛ ወገን አለ፤ ራሱን የቻለ አስተማሪ። ሴዝ ጎዲን፣ በ1999 «ፐርሚሽን ማርኬቲንግ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው፣ ከዚህ ወገን ነው። በንግድ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ያስተማረው ማርክ ሪትሰን የኤምቢኤውን የማርኬቲንግ ትምህርት አሳጥሮ በኢንተርኔት ለባለሙያዎች ያቀርባል፤ ሰሚ ያገኘው ፕሮፌሰርም የኩባንያ አማካሪም ሆኖ ስለሠራ ይመስለኛል። አዲስ አበባም የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ወይም በቴሌግራም ቻናል የሚያስተምሩ አሰልጣኞች በርክተዋል። ከመካከላቸው ትጉዎች አሉ። የሚያሳስበኝ በዚህ መስክ ከማርኬቲንግ የሚያገኘው ገቢ ማርኬቲንግን በማስተማር ብቻ የሆነ ሰው መብዛቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በእርግጥ የሸጠው ዕቃ የራሱ ኮርስ ነው፤ ዘይት ወይም ጫማ ለሚሸጥ ነጋዴ የሚጠቅም ዕውቀት አለው ወይ የሚለው ገና አልተፈተነም። የተከታዮቹ ብዛትም መልስ አይሆንም።

ከሁሉም የሚልቀው መምህር አብሮ የሚሠራ ሰው ነው ቢባል የሚቃወም ባለሙያ አላገኘሁም። እዚህ ላይ ግን መቅረቡ አይበቃም፤ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ጂን ሌቭ ላይቤሪያ ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ሙያቸውን እንዴት እንደሚወርሱ አጥንታለች፤ ከኤትየን ዌንገር ጋር በ1991 ያሳተመችው መጽሐፍም ይህን ያነሳል። ለማጁ የሚጀምረው ከመጨረሻው ሥራ ነው፤ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይቀመቅማል። ቀጥሎ መስፋት ይማራል። ጨርቅ መቁረጥ የሚፈቀድለት በስተመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም በመቀስ የሚሠራ ስህተት ጨርቁን ያበላሻል። የእኛ የማርኬቲንግ ክፍሎች ጀማሪውን የሚያስጀምሩት ከመቀሱ ነው። በተቀጠረ በሳምንቱ የገጹን ፓስወርድና የማስታወቂያ በጀት ይሰጡትና «ቡስት አድርግ» ይሉታል። መጀመሪያ ለወራት የደንበኛ ስልክ ቢያነሳ፣ ሱቅ ገብቶ ሰው እንዴት እንደሚመርጥ ቢያይ፣ የሌላ ሰው ዘመቻ ውጤት ቢመዘግብ ኖሮ የሚቆርጠውን ያውቅ ነበር። መርካቶ ዘመድ ሱቅ ተቀምጦ ንግድ የተማረ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ሳይነገረው ያውቀዋል።

ኩባንያው ትምህርት ቤት የሆነበት ዘመን በእኛም አገር ነበር። ሄኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች፣ ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦን ሲገዙ የብራንድ አስተዳደር አሠራራቸውን ይዘው ገቡ፤ ያኔ በእነዚህ ቤቶች የሠሩ ባለሙያዎች ዛሬ በየባንኩና በየኤጀንሲው ይገኛሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓ.ም.) የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያስወጣ የማስታወቂያ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም የሸሸው፤ ትልቅ ዘመቻ አቅዶ፣ ፈትኖ፣ ለክቶ የመማር ዕድልም ጠበበ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጭር ቃል ይበቃኛል። ጀማሪው ማንንም ሳያፍር፣ ሌሊትም ቢሆን የሚጠይቀው መምህር ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለማብራራት፣ ለመለማመድ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለመረዳት ይረዳል። ያላየውን ገበያ እንዳየ አድርጎ በልበ ሙሉነት መናገሩ ግን አደጋ ነው፤ የኮልፌን ሸማች ባሕርይ የጠየቀው ሰው የሚያገኘው መልስ በአብዛኛው ሌላ አገር ከተጻፈ ጽሑፍ የተቀዳ ነው።

ከባዕድ መምህር የሚቀረውን ክፍተት ማየት የሚፈልግ የአዲስ አበባን ነጋዴ ሽያጭ ይከተል። ደንበኛው ጫማውን ቲክቶክ ላይ ያያል፤ ቴሌግራም ላይ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይደውላል፣ ይከራከራል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ያስተላልፍና ስክሪንሾት ይልካል፤ ዕቃው በሞተር ይደርሰዋል። የማስታወቂያ አውታሮቹ የሚያስተምሩት የመለኪያ ትምህርት በአብዛኛው ሽያጩ ድረ ገጽ ላይ ይፈጸማል ብሎ የሚነሳ ነው። እዚህ ሽያጩ የሚፈጸመው ፒክስል፣ ማለትም ድረ ገጽ ላይ የሚተከለው መከታተያ ኮድ፣ በማያይበት ቦታ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሊለካ የሚችለውን፣ ላይክና ዕይታን፣ ለአለቃው ያቀርባል። ፈተናውን በከፍተኛ ነጥብ ያለፈ ሰው እንኳ ለዚህ ችግር የተሰጠው ትምህርት ጥቂት ነው። ስለ ማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ዓ.ም.) የሚነግረው ኮርስ የለም፤ በሁዳዴ 55 ቀናት ገበያው ምን እንደሚመስል፣ ለእንቁጣጣሽና ለረመዳን መቼ መነሳት እንደሚገባም እንዲሁ።

መፍትሔው ግን ከኢቤይ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ውድም አይደለም። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ ስልክ ቁጥር ማውጣት ይቻላል። የሚደውለውን ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብሎ ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል። ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት አዳማ ላይ ማስታወቂያውን ለአንድ ወር አቁሞ፣ ሐዋሳ ላይ ቀጥሎ፣ የሁለቱን ከተሞች ሽያጭ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ይችላል። ከ30 በላይ ባንኮች ለአንድ ደንበኛ በሚሽቀዳደሙበት አገር ይህን የሚያደርግ የማርኬቲንግ ክፍል ለሠራተኞቹ የትኛውም አካዳሚ የማይሰጠውን ትምህርት ይሰጣል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መሣሪያውን ከባለቤቱ ተማሩ፤ ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬቱም በዓመቱ ይታደስ። ሸማቹን ከጥናትና ከሱቅ ተማሩ። ገንዘባችሁ መሥራቱን ግን ከራሳችሁ መዝገብ በቀር ከማንም አትማሩ። የማርኬቲንግ ክፍል ኃላፊዎች፣ የሠራችሁትን ዘመቻ ከነውጤቱ በአማርኛ ጽፋችሁ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ስጡ፤ ያልተሳካውንም ጨምሩበት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለሚቀጥለው ሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት አሰልጣኙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ከሠራሃቸው ዘመቻዎች ያልሠራው የትኛው ነው፣ አለመሥራቱንስ በምን አወቅክ? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ያዙ።